የአያ ደሴ ጋቢና ብረት የለቀምሁበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን የግቢ በር ላሠራ ደብረ ታቦር ከተማ ካለ አንድ የብረት ሥራ ቤት ሄጄ ነበር። ልጁ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ በመብራት ይበይዳል፤ ብልጭታው ምንም ትዝ አላሰኘኝም። በኋላ ግን አንድ የጋለ ማጠፊያ በጉጠት አንሥቶ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጭስስስ አለና እንፋሎቱ አፍንጫዬን መታኝ። ዝገት፣ ዝናብ የነካው መሬትና የተቃጠለ ጸጉር አንድ ላይ የተቀቀሉ የሚመስል ሽታ ነው።

«እትየ፣ ራቅ ይበሉ፤ ይፈናጠራል» አለኝ ልጁ።

ራቅ ማለቱንስ ራቅሁ። ልቤ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ በቀሚሱ ጫፍ ብረት ቋጥሮ አያ ደሴ ደጅ ቆሞ ነበር። የበሩን ነገር ለልጁ ትቼ ቤቴ ስገባ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። መንደራችን ከጋፋት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አያ ደሴ የአገሩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ቤታቸው ከመንደሩ ተነጥሎ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። የመንደሩ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ከእሳቸው ጋር አንድ ገበታ የሚቆርስ ሰው ግን አላየሁም። በመንገድ ሲመጡ እናቶች የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ካለፉ በኋላ ይገልጣሉ። እኔ ለከሰሉ ብናኝ ይመስለኝ ነበር። ቡዳ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ግን ቡዳ ጅብ የሚሆን ነገር እንጂ በጠራራ ፀሐይ መዶሻ ይዞ የሚያስነጥስ ሽማግሌ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

እማየ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓይኑን አትይ፤ መሬት መሬት እያየሽ አናግሪው።»

አባየ ደግሞ እንደ ጉዳዩ ነበር። ብረት ሲቸግረው «አንቱ» ይላቸዋል፤ ማጭዱ ከተሞረደለት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «አንተ ደሴ» ይሆናሉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ «አንቱ» የሚያስብል ነገር መጣ። ማረሻችን ከድንጋይ ተላትሞ ከጫፉ ተሰበረ። የጉና ተራራ ደመና መሸከም ጀምሯል፤ መሬቱ አንዴ እንኳ አልታረሰም። አባየ የተረፈውን ጉማጅ ይዞ እኔን አስከትሎ ሄደ።

አያ ደሴ ጉማጁን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ማረሻ አይደለም፤ የጥርስ መጎርጎሪያ ነው።»

«እንግዲህ አያ ደሴ፣ አንቱ ያውቃሉ።»

«እኔ ማወቁንስ አውቃለሁ፤ ብረት የለኝም እንጂ። ብረት አምጣና እቀጠቅጥልሃለሁ።»

«ከየት ላምጣ?»

አያ ደሴ ጉማጁን አስቀመጡ። እኔን አዩኝ፤ እኔ እንደታዘዝሁት መሬት መሬት አያለሁ።

«ይቺ ልጅ ዓይኗ ከመሬት አይነሳም» አሉ። «እሷን ላካት። እንዲህ ያለች ናት ብረት የምታገኘው። ካመጣችልኝ ወስፌ እሠራላታለሁ።»

ያን ዓመት ስፌት ጀምሬ ነበር። እማየ ወስፌዋን አታስነካም፤ እኔ ሰንደዶውን በአጋም እሾህ ነበር የምወጋው፤ እሾሁ በየቀኑ ይሰበራል። የራሴ ወስፌ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባየን ማረሻና የእኔን ወስፌ አንድ ላይ እያሰብሁ ሳላቋርጥ መሬት ለመሬት ማየት ሆነ ሥራዬ።

ብረት እንደ ድንች ከመሬት የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ከጣለ በኋላ ጎርፍ በሸረሸረው ላይ ስለማገኘው ነው። መጀመሪያ የሄድሁት ጋፋት ነው። ድሮ መድፍ የተሠራበት ነው ይባላል፤ ከእግር መንገዱ ዳር ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ሞልቷል። ቀሚሴ እስኪቀደድ ቋጥሬ ወንዙን ተሻግሬ አያ ደሴ ፊት ዘረገፍሁት። ሚስታቸው እቴ ሙሉ ሸክላ እየሠሩ ነበር፤ ጭቃ በነካ እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«የኔ ልጅ» አሉ አያ ደሴ፣ «ይሄ ብረት አይደለም። ብረቱ ሲቀልጥ በልቶ የጣለው አጥንት ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ እያለቀስሁ ገባሁ። በማግስቱ ግን አያ ደሴ አስተማሩኝ። ያመጣሁትን ሁሉ ደጅ፣ ከእሳቱ ርቆ ዘርግፌ እቆማለሁ። እሳቸው አንድ በአንድ በክር አንጠልጥለው በመዶሻ ጫፍ ነካ ያደርጋሉ። ቆርቆሮ ይንኳኳል እንጂ አይጮህም። ለስላሳ ብረት አጭር ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። ጠንካራው ግን ይዘፍናል፤ መዶሻው ከተነሣም በኋላ ይዘፍናል። ጥቂት ቀን ቆይቼ ገና ከመሬት ሳነሣው በድንጋይ እየነካሁ መለየት ቻልሁ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ከለከሉኝ፤ «ክብ ሆኖ ሁለት ጫፉ የተዘጋ ነገር ካየሽ እንዳትነኪ። ቦታውን ንገሪኝ እንጂ እጅሽን እንዳታሳርፊ።» ጦርነት ያለፈበት አገር ነዋ።

ከመኪና መንገዱ በታች ገደል ውስጥ ወታደሮች ጥለውት የሄዱት መኪና ነበር። ሰው ቀድሞኝ ጎማውንም፣ በሩንም፣ ባሌስትራውንም ወስዶታል። እኔ ሦስት ብሎንና አንድ የተጣመመ ዘንግ አገኘሁ። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ከተሰባበረ ዴስክ ምስማር ነቀልሁ። ከወንዙ ዳር ጆሮው የጠፋ ዶማ፣ ከአንድ ፈራሽ ቤት የበር ማጠፊያ አመጣሁ። አያ ደሴ ሁሉንም ከግድግዳቸው ሥር እንደ ሰልፍ ደረደሩት።

ሥራ ሲጀምሩ ጋቢያቸውን አውልቀው ከጉቶው ላይ ያስቀምጡታል። ጠርዙ የተበላ ጋቢ ነው፤ በየቦታው የሁለት ጣት ስፋት የሚያህል ጎድሏል።

«አያ ደሴ፣ ለምን ራቅ አድርገው አያስቀምጡትም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«ጋቢውን። ፍንጣሪ በላው እኮ።»

ጠርዙን አዩት። እቴ ሙሉን አዩአቸው። እቴ ሙሉ መሳቅ ጀመሩና ተዉት።

«አዎ» አሉኝ አያ ደሴ። «ፍንጣሪ ነው።»

ሰኔ ሲገባ ለማረሻው አካል የሚሆን ብረት ሞላ። የጎደለው ጫፉ ነው። «ጫፉ የሚዘፍን ብረት ይፈልጋል» አሉኝ፤ «ይሄ ሁሉ ለስላሳ ነው፤ አባትሽ በሁለት ቀን መልሶ ያመጣዋል።» ያን ሳምንት ያልረገጥሁት ፈፋ የለም። ጎረቤቶቻችን ማረስ ጀምረዋል። አባየ በሬዎቹን እያበላ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በዚህ መካከል የአጎቴ የጌጡ ሚስት ብርቄ ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ እማማ ዘነቡ ሊያርሷት ከአንበሳሜ መጥተዋል፤ ድምፃቸው ከቤቱ የሚበልጥ ሴት ናቸው። አንድ ቀን እማየ አጥሚት አስይዛ ላከችኝ። ስገባ እማማ ዘነቡ ሊወጡ ቆመው ነበር።

«ጥሩ መጣሽ። ከወንዝ እስክመለስ አትነሺ። አራስ ብቻዋን አትተውም።»

ተቀመጥሁ። ብርቄም ሕፃኑም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዓይኔ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ሲል ከመደቡ ራስጌ፣ በትራሱና በግድግዳው መካከል አንድ ጥቁር ነገር አየ። እጀታው የጠፋ፣ ግማሹ የተሰበረ ቢላዋ ነው፤ ወፍራም፣ የዛገ። አራስ ብረት ከጎኗ እንደማይለይ፣ እሱን ይዛ እንደምትወጣ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ነው። ግን ከግድግዳው ላይ የሚያምር ሙሉ ማጭድ ተሰቅሏል። ጠባቂው እሱ ነው ብዬ ደመደምሁ። ይሄ የወደቀ፣ የተረሳ ነው። አንሥቼ በጥፍሬ ነካ አደረግሁት።

ዘፈነ።

እማማ ዘነቡ ሲመለሱ ቀሚሴ ውስጥ ነበር።

አያ ደሴ ቢላዋውን በክር አንጠልጥለው መቱት፤ ከዚያ አወረዱትና እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ጫፉ ላይ ትንሽ እንደ ቀንድ ጠመም ብሏል።

«ሙሉ፣ ነይ እዪ። የአባቴ እጅ ነው። ጭራውን እንዲህ የሚያጥፈው እሱ ብቻ ነበር።» ወደኔ ዞሩ፤ «ከየት አገኘሽው?»

«አጥር ሥር ወድቆ።»

ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ሙሉ በሙሉ የተረሳ ነው ብዬ ባምን ኖሮ እውነቱን በተናገርሁ ነበር።

እሳት ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ትንሽ አመነቱ። «በል እንግዲህ፣ ማረሻ ብትሆን ይሻልሃል» አሉት ቢላዋውን፣ አባታቸውን እንደሚያናግሩ። ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። ፍሙ ሲነጣ፣ መዶሻው ሲወርድ፣ ማረሻው ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወስፌዬን ልጠይቅ አስቤ አፈርሁ። በማግስቱ አባየ በሬዎቹን ጠመደ። ማረሻው መሬቱን እንደ ቅቤ ከፈለው፤ አባየ ከትልሙ ጫፍ ዞሮ ሲመለስ «ይቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ኩራቴ አንድ ቀን ነው የቆየው። በማግስቱ ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ። ያለቅሳል፣ ሆዱን ይሰበስባል፣ ያስመልሰዋል። ለብርቄ ውሃ ላደርስ ስገባ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። እማማ ዘነቡ ከትራሱ ሥር እጃቸውን ሰደው ይዳብሳሉ።

«ብረቱስ? ብረቱ የታለ?»

ትራሱ ተገለበጠ፤ ገለባው ተበተነ። ማንም ወደ ግድግዳው ማጭድ አላየም።

«ሐሙስ ለት ያ ቀጥቃጭ መጥረቢያ ሊያደርስ ከአጥሩ መጥቶ አልነበር?» አሉ እማማ ዘነቡ። «ዓይኑን የጣለበት እሱ ነው። ብረቱን ያራቀውም እሱ ነው። ጌጡ! ምን ትገተራለህ? ሂድና ከልብሱ ቆርጠህ አምጣ፤ ልጁ ይታጠንበት።»

ከልብሱ ቆርጠህ። የሰማሁት ሁሉ አንድ ላይ ሊገጥምልኝ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። አጎቴ የራሱን ቢላዋ ከአፎቱ መዝዞ እያየ በመንገዱ ሲሄድ እኔ በአቋራጭ ወንዙን ዘልዬ ሮጥሁ።

ቀድሜው ደረስሁ። አያ ደሴ ብረት በሚቀጠቅጡበት መስፋቸው ላይ አጎንብሰዋል። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ብናገር ማረሻው ሊወሰድ ነው፤ አባየ ገና ግማሹን አላረሰም። «ይቺ ልጅ!» ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንደቆምሁ አጎቴ ከአጥሩ በር ደረሰ።

«አንተ ደሴ!»

«ግባ ጌጡ።»

«አልገባም። ልጄ ታሟል።»

«እግዜር ይማርልህ። ጡት ይዟል?»

«አልያዘም።» አጎቴ መሬት መሬት ነው የሚያየው፤ ልክ እንደ እኔ። «ጋቢህን ፈልጌ ነበር።»

አያ ደሴ አልተቆጡም። አልጠየቁምም። መዶሻውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ጋቢውን ከጉቶው አንሥተው አራገፉት። ጠርዙን በእጃቸው እየዳሰሱ ያልተነካ ቦታ ፈለጉና ወጥረው ያዙለት።

«እዚህ ጋ ገና ነው» አሉት።

አጎቴ ገዘገዘ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለው። ላቡ መጣ።

«አምጣው እስቲ።» አያ ደሴ ቢላዋውን ተቀብለው መሳያ ድንጋዩ ላይ አራት ጊዜ አመላለሱት፣ በአውራ ጣታቸው ሞከሩት፣ በእጀታው በኩል መለሱለት። «አሁን ይቆርጣል።»

ቆረጠ። የሁለት ጣት ስፋት። ከጎኑ ያሉትን ጉድለቶች አየሁ፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱም ዳሩ አልጠቆረም። ፍንጣሪ እንዲህ አይበላም።

«እኔ ነኝ!» አልሁ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ምኑን ነው አንቺ የሆንሽ?» አለ አጎቴ።

«ብረቱን። ከብርቄ ራስጌ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የተጣለ መስሎኝ። አሁን ማረሻው ውስጥ ነው።»

አያ ደሴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ያን ቀን ዓይናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቀላ ያለ፣ ጢስ ያስለቀሰው የሽማግሌ ዓይን ነው።

«አጥር ሥር ነበር ያልሽኝ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«አሃ።» ወደ አጎቴ ዞሩ፤ «ጌጡ፣ ያን ቢላዋ የሠራው አባቴ ነው። ከእኛ የምትጠበቁትም በእኛው ሥራ ነው ማለት ነው። ታድያ ምን ቸገረህ?»

አጎቴ አልሳቀም። እጁ ላይ ያለውን ቁራጭ አየ፣ እኔን አየ። ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። አጣጥፎ መቀነቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ለማንኛውም» አለና ሄደ።

እማየ በልምጭ ገረፈችኝ፤ የሚገባኝን ያህል ነው። እማማ ዘነቡ ደግሞ ፈረዱ። «ብረቱን የወሰደችው ልጅቱ ናት፤ ዓይኑን የጣለው ግን እሱ ነው» አሉ። እንግዲህ ተናዝዤም አያ ደሴን ያዳንኋቸው ግማሹን ነው። ስለ ብረቱ ደግሞ ሌላ ብረት አይሆንም፤ ልጁ ሲወለድ የገባው ያው ብረት ክርስትናው እስኪደርስ ከራስጌው አይለይም ተባለ። አባየ አንገቱን ደፍቶ «ዝናቡስ?» አለ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ማረሻው ቀን ያርሳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርቄ ዘንድ ይገባል። ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

ልጁ አርባ ቀን እስኪሞላው ማታ ማታ አባየ ማረሻውን ከእርፉ ያወልቅልኛል፤ አፈሩን ጠርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ ታቅፌ እሄዳለሁ። ከሕፃኑ ይከብዳል። ጠዋት በሬዎቹ ሳይጠመዱ መልሼ አመጣዋለሁ። ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ጡት ያዘ። ጢሱ ነው አሉ፤ ማረሻው ነው አሉ። እኔ የማውቀው ብርቄ ያን ሰሞን እናቷን ሕፃኑን ቅቤ ማስዋጡን እንዲተዉ አልቅሳ መለመኗን ነው። እሷ ከዳነላት በኋላ መቀለድ ጀመረች፤ ማረሻውን ከራስጌዋ ሳስቀምጥ «እንግዳችን ገባ? ዛሬ ምን ያህል አረሰ?» ትለኛለች።

ክርስትናው ሐምሌ ላይ ሆነ። በማግስቱ እማየ ስትፈትል የሰነበተችውን ልቃቂት አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ለሙሉ ስጫት።»

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበይ። ታውቃለች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ደሴ ደጅ አልደረስሁም ነበር። እቴ ሙሉ ልቃቂቱን አገላብጠው አዩና መርፌ ሊያመጡ ገቡ። አያ ደሴ ከመስፋቸው ሥር አንድ ነገር አንሥተው ሰጡኝ። ወስፌ ነው፤ ቀጭን፣ ሹል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ቀንድ ጠመም ያለ።

«ጭራው ነው» አሉኝ። «ያን ለት ማረሻው ውስጥ አላስገባሁትም። ጭራውን ማጥፋት አሳዘነኝ።»

ጋቢውን እኔና እቴ ሙሉ ጭናችን ላይ ዘረጋነው። ጉድለቱን ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ነው። ከዳር ጀምሬ ሁሉንም ልሞላ ክሩን ሳስተካክል አያ ደሴ ቀና አሉ።

«ተይ፣ ሁሉን አትድፈኚ።»

«ለምን?»

«ሚስት ያገባው ጌጡ ብቻ አይደለማ፤ ሌላውም ይወልዳል።»

እቴ ሙሉ ሳቁ፤ ያን ቀን ሳቃቸውን አላቆሙትም። አጎቴ የቆረጣትን፣ የእኔዋን ብቻ ሰፋናት። የእማየ ክር አዲስ ስለነበር ከሰል ባቆሸሸው ጋቢ ላይ ነጭ ሆና ከሩቅ ትታያለች።

ከዚያ በኋላ አያ ደሴ በመንገድ ሲያልፉ ሴቶቹ ሕፃናቸውን ሲሸፍኑ፣ እኔ ከጋቢያቸው ጠርዝ ላይ ያቺን ነጭ ክር እፈልጋለሁ። እስከ ፋሲካ ብቻዋን ነበረች። ፋሲካ አልፎ ሳያቸው ከጎኗ ሌላ ተቆርጧል።